ወደ ኋላ መገልበጥ

ከመርሳ በወጣሁበት ምሽት ከወልዲያ በኩል የሚሰማው ድምፅ የክረምት ነጎድጓድ ይመስል ነበር። ልዩነቱ፣ ነጎድጓድ ከተራራ ተራራ ይዞራል፤ ይህኛው የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፣ በተሰማ ቁጥርም ይቀርብ ነበር። ባዶ የፍራፍሬ ሳጥን የጫነ አይሱዙ ወደ ደሴ ሊወጣ ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ መኪናውን ከበበው። ታላቅ ወንድሜ ይማም በብብቴ ይዞ አነሳኝና ሳጥኖቹ ላይ አስቀመጠኝ፤ ወረወረኝ ማለት ይቀላል።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ ከሄድኩ አባባን ማን ያገላብጠው?»

አባታችን ግማሽ ገላውን ከታመመ ወዲህ አልጋው ላይ በራሱ መዞር አይችልም። ጠዋትና ማታ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያዞረው ይማም ነበር። እማ አቅሙ የላትም።

«ደግሞ አንተ ዝምተኛ ነህ» አለ፣ «ዝምተኛ ሰው ኬላ ያልፋል። እኔ ፈታሽ ባየሁ ቁጥር ካልቀለድኩ አልሆንም፤ ሞያሌ ሳልደርስ ነው የሚያስሩኝ።»

እማ በፌስታል የቋጠረችውን ቆሎ እጄ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ እንዳይወድቅብኝ ይሁን ሌላ፣ አላወቅኩም። መኪናው ሲነሳ ይማም የሳጥኑን ጠርዝ እንደያዘ ትንሽ ሮጠ። «ወደ ኋላ እንዳታይ! ካየህ ትወርዳለህ፣ አውቅሃለሁ!» አለኝ። አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ የሰማሁት ፉጨቱን ብቻ ነው፤ ሁለት ጣቱን ከምላሱ ሥር አድርጎ የሚያፏጨውን፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚሰበረውን ፉጨት።

ያን ፉጨት በመርሳ አጠገብ ያለችው የግራና ልጆች ታውቁታላችሁ። ከግራና በላይ ወንዙ ቋጥኝ ሥር የሚያጠራቅመው ጥልቅ ውሃ አለ፤ ክብ ስለሆነ ድስቱ እንለዋለን። ይማም ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ከቋጥኙ ጫፍ ይቆማል፣ ያፏጫል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተገልብጦ ይገባል። ውሃው ራሱ የሚያውቀው ይመስል ነበር፤ ብዙ አይረጭም። እኔ ደግሞ በእግሬ ነበር የምዘለው፣ አፍንጫዬን ይዤ። አንድ ቀን ሊያስተምረኝ ብሎ ውሃው ውስጥ ከኋላዬ ቆመ። «ችግርህ ምን መሰለህ ሙሄ፣ ዓይንህን ትጨፍናለህ። አንገትህን ወደ ኋላ ጣልና እኔን ፈልገኝ። ፊቴን ስታየው ገላህ ራሱ ይከተልሃል» አለኝ። ሞከርኩ። በጀርባዬ ወደቅኩ። ያን ቀን ምሽት እማ ጀርባዬን ቅቤ ስትቀባው ይማም በሩ ላይ ቆሞ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ከደሴ በኋላ ያለውን መንገድ የሄደ ያውቀዋል፤ ያልሄደ ባያውቀው ይሻለዋል። ኬንያን በሌሊት፣ ታንዛንያን በሽንኩርት ጆንያ ሥር፣ ማላዊን በእግር፣ ሞዛምቢክን በፍርሃት አለፍኩ። ዝምተኛነቴ ጠቅሞኛል፤ ወንድሜ ልክ ነበር። ቆሎዋን ግን ታንዛንያ ላይ ጨረስኳት፤ እስከ መጨረሻው ላስቀምጣት አስቤ ነበር።

ደርባን የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ከተማ ባሕር ላይ ነው። ሙቀቱ የመርሳን ይመስላል፤ ነገር ግን የመርሳ ሙቀት ማታ ከአምባሰል በኩል በሚመጣ ነፋስ ይታረቃል፣ የዚህኛው ታርቆ አያውቅም። ሰው መንገድ ላይ «ሃውዚት» ይልሃል፤ እንዴት ነህ ማለት ነው። ቆመህ «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» ልትል ስትጀምር ሰውዬው ጥግ ታጥፏል። ፓፕ የሚባል ገንፎ መሳይ ነገር ይበላሉ፤ መሃሉ ላይ ለቅቤ የሚሆን ጉድጓድ የለውም። ጉድጓድ የሌለው ገንፎ ሳይ ሁሌ የሆነ ሰው የረሳው ነገር ያለ ይመስለኛል።

የጥገኝነት ወረቀት ለማግኘት ፊቷ የቀረብኩት ሴትዮ ጥፍሯን በደንብ የሠራች፣ ድምጿ የደከመ ነበረች።

«ፓስፖርት?»

«መንገድ ላይ ዘራፊዎች ወሰዱብኝ።»

«የወሰዱበት ደረሰኝ አለህ?»

የምትቀልድ መሰለኝና ፈገግ አልኩ። አልቀለደችም።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከመርሳ። ከወልዲያ አጠገብ።»

«እዚያ ጦርነት መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

«ስልክ አይሠራም» አልኩ። «ቤተሰቦቼ ጋ ስደውል አይጠራም። አገሩ ሁሉ ተቋርጧል።»

«የኔም ስልክ ብዙ ጊዜ አይሠራም» አለችና ማኅተሟን መታች፤ ተመልሰህ ና የሚል ማኅተም ነው።

አከራያችን የሕንድ ዘር ያለው ሽማግሌ ነው፤ እዚያ ሁሉም እንዲህ ያለውን ሰው አንክል ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው። አንክል በጠላትነት የሚያየው አሸዋን ነበር።

«የመታጠቢያ ቤቴ ቱቦ ተዘጋ! በረሃውን ከአገርህ ይዘህ ነው የመጣኸው?»

«አሸዋው የናንተ ባሕር ነው አንክል። የኔ አገር የማንጎ አገር ነው።»

«ማንጎ?» አለ በንቀት፣ «ማንጎ የኛ ነው።» ወጥቶ አንድ ፍሬ አመጣልኝና እያየኝ በላሁት። ጥሩ ነው፣ ግን ቃጫ ይበዛዋል፤ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። «ይህ የማንጎ ዘመድ ነው» አልኩት። በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ። በማግስቱ ግን ሌላ ዓይነት ይዞ መጣ። እርሱም ዘመድ ነበር።

ሥራ የሰጡኝ ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ፤ የውርጌሳ ሰው ናቸው። ባሕር ዳር ኮፍያ፣ ጥቁር መነጽር፣ ጃንጥላና የስፖንጅ ሰሌዳ ይሸጣሉ። ሰሌዳው ቦዲቦርድ ይባላል። በደረትህ ትተኛበታለህ፣ ሞገዱ ይወስድሃል። የሱቁን ነገር ሁሉ የምወድላቸው ጋሽ እንድሪስ አንድ እንግዳ ልማድ ነበራቸው፤ የሚቀመጡባትን ወንበር ሁልጊዜ ጀርባዋን ለባሕሩ አድርገው ነው የሚያስቀምጧት። ወጣት ሳሉ ከጅቡቲ ወደ የመን በጀልባ ሲሻገሩ አብረዋቸው የነበሩት አብዛኞቹ አልደረሱም። «ባሕር የድንጋይ ምልክት የሌለው መቃብር ነው» ይሉኛል። «ንገድበት፤ አትግባበት።»

እኔ ግን ገባሁ። አንድ ደንበኛ ለሁለት የተሰበረ ሰሌዳ መለሰልን፤ በሙጫ አጣብቄ፣ በስፌት ክር አስሬ ጠዋት ከሱቅ በፊት ይዤው ወረድኩ። ለምን እንደሆነ በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም በኋላ ሰው ሁሉ ለመርሳት ነው ይለኝ ነበር። ለመርሳት አልነበረም። ስልኩ ተቋርጧል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። የተከፈተ ቀን ይማም «እስኪ ምን ሠራህ?» ይለኛል። ኮፍያ ሸጥኩ ልለው አልፈለግኩም። ከድስቱ ቋጥኝ ላይ ያልቻልኩትን፣ ወደ ኋላ መገልበጥን፣ ከሞገድ ላይ ስሠራው በስልክ አስቀርጬ ልልክለት ፈለግኩ። ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ስቡ የሚባል የዙሉ ልጅ ጃንጥላ እያከራየ እዚያው ይውላል። መጀመሪያ ሲያየኝ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ብራዘር፣ በክር የተሰፋ ሰሌዳ! አንተ ዓሣ አጥማጅ ነህ ወይስ ልብስ ሰፊ?» ከዚያ ግን መምጣቱን አልተወም። ሲያስተምር አይናገርም፤ ይሠራዋል፣ አንተ ታያለህ። ዝምታውን ወደድኩለት።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሞገድ ሲሰበር ጫፉ እንደ ከንፈር ወደ ፊት ይወረወራል። ጀማሪ ከዚያ ከንፈር ይሸሻል። አንተ ግን ከሥር ታጥፈህ ወደ እርሱ ትወጣለህ፤ ሊወድቅ በሚልበት ቅጽበት ትመታዋለህ፣ እርሱ አየር ላይ ይጥልሃል። ከቀደምክ ሞገዱ ኃይል የለውም፤ ከዘገየህ ይደቁስሃል። የመጀመሪያው ኤል ሮሎ የሚሉት ነው፤ ከከንፈሩ ጋር በጎን ተንከባልለህ በደረትህ መውረድ። ምሥጢሩ ክንድ አይደለም፣ አንገት ነው፤ ፊትህ ወደ ዞረበት ገላህ ይዞራል። ስታርፍ ክርንህ መጀመሪያ ይቀበላል፣ አለበለዚያ ወገብህ ይቀበላል። ሁለተኛው ሪቨርስ ነው፤ አየር ላይ እንዳለህ እንደ እንዝርት በተቃራኒ መሽከርከር። ውሃ እንዳይጎትትህ እግርህን ታጣምራለህ። እርሱን ለመልመድ የደርባን በጋ አለቀብኝ።

ባክፍሊፑ፣ ወደ ኋላ መገልበጡ፣ ግን እምቢ አለ። ከንፈሩ ሲጥልህ የሰሌዳውን አፍንጫ ወደ ራስህ ትስባለህ፣ አንገትህን ወደ ኋላ ትጥላለህ፣ ውሃውን በግንባርህ በኩል ትፈልጋለህ። እኔ አንገቴን ጥዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መሃል ላይ እቆማለሁ፣ በጀርባዬ እወድቃለሁ። ስቡ ፒር በሚባለው የኮንክሪት ድልድይ ላይ ሆኖ በስልኬ ይቀርጸኛል፤ ቤቴ ገብቼ አየዋለሁ፤ በእያንዳንዱ ላይ ዓይኔ ተጨፍኗል።

ስልኩ የተከፈተው በዚህ መሃል ነው። እማ «ሄሎ» ስትል የሱቁ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ደህና ነው። ቤቱ ቆሟል። ከብቶቹ የሉም።

«ይማምስ?»

«ሐራ ሄዷል። የባቡሩ ግቢ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሯል። እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ስልኩም ተበላሽቷል። አብሽር።»

የሐራ ባቡር ገና መሄድ አልጀመረም፤ ምን እንደሚጠብቅ ልጠይቃት ነበር። «አባባንስ ማን ያገላብጠዋል?» አልኩ በምትኩ።

«ጎረቤት ይተጋገዛል» አለች። «አንተ ራስህን ጠብቅ።»

ወር አልፎ ወር ሲመጣ ይማም ሐራ ነበር። አገራችን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቸኛ ሰው አይነገርም፤ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሥጋ ዘመድ ባለበት ነው። እስኪነገር ድረስ የሞተው ሰው የሆነ ቦታ ሄዷል። እኔም ሐራ ነው ስባል ሐራ ነው እል ነበር።

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ ተለወጡ። አንድ ጠዋት ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠሩኝና አዲስ ፊን ሰጡኝ፤ እግር ላይ የሚጠለቅ የላስቲክ መቅዘፊያ ነው፣ በሱቁ ካለው ሁሉ ጥሩው።

«ጋሼ፣ ባሕር አትግባ አላሉኝም?»

«አልኩ። አሁን ግባ እላለሁ። ጠዋት ጠዋት እኔ ሱቁን እከፍታለሁ፣ አንተ ሂድ ዋኝ። ልብ ያሳርፋል ይላሉ።» ይህን ሲሉ ፊቴን አላዩም፤ የመነጽሮቹን መደርደሪያ ይጠርጉ ነበር፣ ተጠርጎ ያለቀውን።

ጌታቸው የሚባል የጉባ ላፍቶ ልጅ አብሮኝ ይተኛል። እርሱም ተራዬ በሆነ ቀን ወጥ መሥራት ጀመረ። አንክል ራሱ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አግኝቶኝ «ዛሬ አሸዋ ችግር የለም፣ ማይ ቦይ» አለኝ። ያገሬ ሰው ሁሉ ባገኘኝ ቁጥር «አብሽር ሙሄ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ? ሪቨርሱን አይተው ነው አልኩ። ስቡ ለሁሉም እያሳየ ስለነበር፣ በመጨረሻ ሰው አደረጉኝ አልኩ። ወላሂ ኮራሁ። በደረቴ ሳይሆን በሆዴ፣ ሰው በማያይበት።

ለካ ጆበርግ የሚኖረውን የእናቴን የአጎት ልጅ ሰዒድን እየጠበቁ ኖሯል። ያለ ዘመድ ሊነግሩኝ አልቻሉማ።

ሰዒድ የደረሰበት ጠዋት ፈጅር ሰግጄ ቀድሜያቸው ወጥቼ ነበር። ሞገዱ ንጹሕ ነበር፤ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ ከንፈሩን ይዞ ያቆመዋል። ስቡ ፒሩ ላይ ሆኖ ስልኩን ከፍ አደረገ። የመጣው ሞገድ ትልቅ አልነበረም፣ ግን ቀጥ ያለ ነበር። ከሥር ታጠፍኩ፣ ወጣሁ፣ ከንፈሩ ጣለኝ። አንገቴን ጣልኩ። ለምን በዚያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔን አልጨፈንኩም።

ሰማዩ ከእግሬ በታች ሄደ። ከዚያ ባሕር ዳሩ ተገልብጦ መጣ፤ አሸዋው ላይ፣ ውሻቸውን ይዘው በሚሮጡት ፈረንጆች መሃል፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ኩፌት ያደረጉ አሉ፤ ጋሽ እንድሪስ አሉ፤ ጌታቸው አለ፤ ሰዒድ አለ። ሁሉም እኔን ያያሉ። አየር ላይ ያለ ሰው ጊዜ የለውም ይባላል፤ እኔ ግን ሁሉንም ለማየት ጊዜ ነበረኝ። አንድ ሰው ፈለግኩና የሌለው እርሱ ብቻ ሆነ። ውሃው ላይ ሳልደርስ ተረዳሁ።

በደረቴ አረፍኩ። ክርኖቼ ተቀበሉኝ። ስቡ ከፒሩ ላይ አፏጨ፣ «የስ! የስ!» እያለ ጮኸ። እርሱ ምንም አያውቅም።

ወደ ዳር አልመጣሁም። ዞሬ ወደ ውስጥ ቀዘፍኩና ሞገዱ ከማይሰበርበት አልፌ ሰሌዳዬ ላይ ተኛሁ። ካልወጣሁ አይነግሩኝም። ካልነገሩኝ ይማም ሐራ ነው። ስንት ሞገድ በሥሬ እንዳለፈ አላውቅም። እነርሱም አልሄዱም፤ እንደቆሙ ናቸው።

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲያወልቁ አየሁ። ጎን ለጎን አስተካክለው አሸዋው ላይ አስቀመጡት፣ እንደ መስጊድ በር። ጀርባቸውን ለባሕር ሰጥተው የኖሩት ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው ገቡ። እስከ ጉልበት። እስከ ወገብ። ጋቢያቸው ተንሳፈፈ።

«ይመለሱ ጋሼ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሞገድ ይመታዎታል!»

«እንግዲያው ናና መልሰኝ!»

«አልወጣም!»

«እኔም አልወጣም!» አሉ፤ ወዲያው ሞገድ ፊታቸውን መታቸውና ተንገዳገዱ። ያኔ ቀዘፍኩ። ስደርስባቸው የሰሌዳዬን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ሰዒድ እስኪነግረኝ መጠበቅ ነበረባቸው። አልቻሉም።

«ወንድምህ» አሉ። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ይማም የሞተው ለአባባ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ውርጌሳ በእግሩ ሲሄድ ነው፤ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። እኔ ገና የሽንኩርት ጆንያ ሥር ሳለሁ ነበር። ኤል ሮሎውንም፣ ሪቨርሱንም፣ ሁሉንም የተማርኩት ለሌለ ሰው ነበር።

ለቅሶውን አንክል ግቢ ውስጥ ተቀመጥን፤ የሱቁን የባሕር ዳር ጃንጥላዎች፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ እንደ ድንኳን ተክለው። ቁርዓን ተቀራ፣ ጌታቸውና ጓደኞቹም አብረው ተቀመጡ፣ እንደ ወሎ። አንክል በትልቅ ሰሃን ሳሞሳ አመጣ፤ ሳንቡሳ ነው፣ የኛው፣ በርበሬው ብቻ የበዛ። አጠገቤ ተቀመጠና «ማንጎው ሲደርስ ጥሩውን አመጣልሃለሁ» አለ።

ለእማ የደወልኩት ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ያን አልጽፍም። ቀጥሎ ስለ አባባ ነገረችኝ፣ አሁን እርሷ ገመድ ጣሪያው ላይ አስራ በዚያ እየሳበች እንደምታገላብጠው። በመጨረሻ ለይማም ልልክለት የነበረ ነገር እንደነበር ነገርኳት።

«ላከው» አለች። «ስልኩ አልተበላሸም። እኔ ጋ ነው። መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ አደርገዋለሁ።»

ላክሁት። የጎረቤት ልጅ ከፈተችላት፤ እኔ በእማ ስልክ መስመር ላይ ሆኜ ጠበቅኩ። ሞገዱ ሲመጣ በስልኩ ውስጥ ሰማሁት፣ ደርባን መርሳ ቤታችን ውስጥ ሲጮህ።

«ያ አላህ፣ ይህ አንተ ነህ?» አለች እማ። «አንገትህን… ልክ እንደ እርሱ ነው የጣልከው።» ትንሽ ቆይታ፣ «እነዚያ ዳር ላይ ነጭ የለበሱት እነማን ናቸው?»

«የአገር ሰዎች ናቸው እማ።»

«አንተን ሊያዩ መጥተው ነው?»

«አዎ።»

«አላህ ይስጣቸው» አለች።

መጨረሻው ላይ የስቡ ፉጨት መጣ፣ ሁለት ጣቱን ከምላሱ ሥር አድርጎ የሚያፏጨው፣ ወደ ላይ የሚሰበረው። ከዚያ በፊት አስተውዬው አላውቅም ነበር። እማ ልጅቷን በዝግታ ስትለምናት ሰማሁ፤

«መጨረሻዋን ብቻ፣ እስቲ ድገሚያት።»